ከላሟ በፊት በረቷ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች የቁጠባና ብድር ቡድን አባል ያቀረበችው ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የእንስሳት ደኅንነትና በመልሶ ማልማት ግብርና ውስጥ ያለው ድርሻ» ይላል። ልጄ ወረቀቱን አንብባ ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ ይሄ የዶክተር ርእስ ነው፤ አንቺ ምን ልትዪ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት። ነገር ግን አንዲት ላም በእጄ ተበላሽታብኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላዋን አሳድጌ እያለብኩ ነው። በሁለቱ መካከል የተማርኩትን ልንገራችሁ። አስተርጓሚዋ እህታችን «ቀስ በይ» ብላኛለች፤ ከፈጠንኩ አስቁሚኝ።

የተዳቀለችውን ጊደር በቡድናችን ብድር የገዛሁት ባለቤቴ በታመመበት ዓመት ነው። አንደኛው በሬ ለሕክምና ተሽጦ ስለነበር ተስፋዬን ሁሉ የጣልኩት ወተት ላይ ነበር። የሀገራችን ላም በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብትሰጥ ነው፤ የተዳቀለችው ግን የዚያን ብዙ እጥፍ እንደምትሰጥ በሥልጠና ሰምተናል፤ ሐሰትም አልነበረም። ቡሬ አልናት። ታኅሣሥ ላይ ወለደች። እስከ ግንቦት ድረስ ቤቱ ወተት በወተት ሆነ፤ ልጆቹ ጠጥተው፣ እኔ ለሸኖ ነጋዴ ቅቤ አውጥቼ፣ ብድሩንም በየወሩ ሳላጓድል ከፈልኩ።

ሥልጠናው ላይ «አስራችሁ ቀልቡ፣ ወደ ልቅ ግጦሽ አትልቀቁ» ተብለን ነበርና ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ ጥግ አስጠግቼ አሰርኳት። መኖዋን አላጓደልኩም። ፍሩሽካ ገዝቻለሁ፣ የጠላዬን አተላ ሰጥቻለሁ፣ ሣር አጭጃለሁ። ከዚያ ክረምት ገባ።

የእኛን ዋልካ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ የቆመችበት መሬት ጭቃ፣ እበትና ሽንት ተቀላቅሎ ሰኮናዋን ዋጠው። የምንኖረው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ የሌሊቱን ብርድ መናገር አያስፈልገኝም። ላም ከሃያ አራቱ ሰዓት ግማሽ ያህሉን ተኝታ እያመነዠከች ማሳለፍ ትፈልጋለች። ይህን ያኔ አላውቅም። ቡሬ እዚያ ጭቃ ላይ መተኛት ስለጠላች ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ታድራለች። እኔ ደግሞ ለጎረቤቴ «ይቺ ላም ብርቱ ናት፣ እንቅልፍ እንኳ የላት» እያልኩ አወራ ነበር።

ነሐሴ ላይ የኋላ ቀኝ ጡቷ አበጠ። ወተቱ እንደ እርጎ እየተቋጠረ መጣ፣ ቆይቶም ደም ቀላቀለ። የእንስሳት ሐኪሙ የደረሰው በአምስተኛው ቀን ነው። መርፌ ተወጋች፤ መድኃኒቱ በውስጧ እስካለ ወተቷ አይጠጣም፣ አይሸጥም ተባልኩ፤ እያለብኩ ደፋሁት። አንዱ ጡት ደረቀ፣ ሁለተኛውም ተከተለ። ሰኮናዋ ለስልሶ ማነከስ ጀመረች። ለመስቀል ለሥጋ ሸጥኳት። ብድሩን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከፍያለሁ፤ ገንዘብ ያዧ እዚህ ተቀምጣለች፣ ደብተሩ ላይ አለ።

እንግዲህ «ደኅንነት» ወደሚለው ቃል ልምጣ። መጀመሪያ ስሰማው የቅንጦት ነገር መስሎኝ ነበር፤ ሰው ያልጠገበበት ቤት ስለ ላም ምቾት ምን ይወራል አልኩ። ኋላ የማኅበራችን የመስክ ባለሙያ ታሪኩን ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ1964 ሩት ሃሪሰን የምትባል እንግሊዛዊት በየፋብሪካው መሰል በረት ታጉረው ስለሚያድጉ ዶሮዎችና ጥጆች መጽሐፍ ጻፈች። ሀገሩ ተነጋገረበት፤ መንግሥትም አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የኮሚቴው ሪፖርት በሚቀጥለው ዓመት ወጣ። ከዚያ የተነሳው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1979 አምስቱ ነፃነቶች የሚባለውን መልክ ያዘ። ከረሃብና ከጥም ነፃ መሆን፣ ከማይመች ማደሪያ፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆን፣ ተፈጥሮዋ የሚያዝዛትን ማድረግ መቻል። ባለሙያዋ ስትቆጥር እኔ በልቤ ቡሬን እቆጥር ነበር። የሰጠኋት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሙሉ አልነበረም፤ የሚታለብ ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፣ እኔ ግን ቡሬን የማጠጣት ጧትና ማታ አንድ አንድ ባልዲ ነበር።

አሁን ወደ እርሻው። ያኔ ያጣሁት ላም ብቻ መስሎኝ ነበር። ያጣሁት ግን ሌላም ነበር፤ ያ ሁሉ የክረምት ጎርፍ ከበረቱ ጠራርጎ ወደ ቦረቦሩ ያወረደው የመሬቴን ምግብ ነው። ላም ከበላችው ናይትሮጅን ትልቁን ድርሻ መልሳ ታወጣዋለች፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚወጣው በእበቱ ሳይሆን በሽንቷ ነው። ፖታሲየም የሚባለውም እንዲሁ አብዛኛው በሽንት ነው። እኛ ሴቶች እበት እንጠፈጥፋለን፣ አዛባ እንጠርጋለን፣ ሽንቱን ግን እንደ ሀብት ቆጥረነው አናውቅም። ዩሪያ ብለን ወረፋ ጠብቀን በብር የምንገዛው ማዳበሪያ እኮ ስሙን ያገኘው ከሽንት ነው! ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ መጣ።

ሽንቱን የሚይዘው ምንድን ነው? ጉዝጓዝ ነው። ላሟን ከጭቃው የሚያወጣት፣ ጡቷን ከእበት የሚጠብቀው፣ ሌሊት ተኝታ እንድታመነዥክ የሚያደርጋት ያው ጉዝጓዝ ሽንቱን ይመጥልናል። ለላሟ የሚደረገውና ለመሬቱ የሚደረገው አንድ ሥራ ሆኖ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። እናቴ በእኛ ቤት ውስጥ በነበረው ጋጣ ማታ ማታ ደረቅ ነገር ትጎዘጉዝ ነበር፤ ጧት እሱን አውጥታ ጓሮ ጎመኑ ሥር ትደፋዋለች። ማንም አላሠለጠናትም። እኔ ነኝ በመካከል የረሳሁት።

የአሁኗን ጊደር ከመግዛቴ በፊት አንድ በጋ ሙሉ በረት ሠራሁ። ወለሉ ድንጋይ ነው፤ ወንድሜና ልጆቹ ከወንዝ እየተሸከሙ አነጠፉልኝ። ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ በስተጫፉ ቦይ አለው፣ ቦዩ ከበረቱ ውጪ ወዳለ ጉድጓድ ይወርዳል። ጣሪያው ሣር ነው፤ ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ጀርባው ወደ ነፋሱ። ጉዝጓዙ ከብቷ የማትበላው ሁሉ ነው፦ የባቄላ አገዳ፣ የተበላሸ ጭድ፣ ከግርግሙ የተረፈ ሣር፣ የደረቀ ቅጠል። ጭድ ለመኖ በሚሻማበት ቤት ደህናውን ጭድ ጎዝጉዙ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ጧት የረጠበውን ሰብስቤ ጉድጓዱ አጠገብ ጥላ ሥር እደራርበዋለሁ፤ ደረቅ፣ እርጥብ፣ ትንሽ አፈር፣ እንደገና ደረቅ። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክቼ እተዋለሁ። በሳምንቱ እንጨቱን ስቤ ስይዘው እጄን ከፈጀኝ ክምሩ እየሠራ ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃ አንሶታል ወይም እበት አንሶታል። ሙቀቱ በደንብ ሲሠራ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ የአረም ዘሩንና የትል እንቁላሉን ይገድላል። ትኩስ እበት ማሳ ላይ የምንደፋ እህቶች አረሙን ራሳችን እየዘራነው እንደሆነ እወቁ።

የመጀመሪያው ዓመት ገብሱ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየሁም። ይህን የምናገረው አንዳንድ አሠልጣኝ በአንድ ክረምት ተአምር እንደሚታይ አድርጎ ስለሚያወራ ነው፤ እህቶቻችን ይሞክሩታል፣ ሳያዩ ሲቀሩ ይተውታል። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ መስከረም ላይ ቀድሞ ሲቆም የጎረቤቴ ማሳ ተሰነጠቀ፣ የእኔ ኮምፖስት የተደረገበት ጥግ እርጥበት ይዞ ቆየ። ዛላው ሞላ። አፈሩን በእጄ ስዘግነው እንደ ድሮው እንደ ጡብ አልጠነከረም፣ ይፈረፈራል። በዚያ ጥግ ለማረስ በሬዎቹም ብዙ አይለፉም፤ ለእነሱም ደኅንነት ነው።

የእኔ አንድ ጥግ ማስረጃ አይሆንም የምትሉ ካላችሁ፣ በ1988 ዓ.ም. ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር የጀመሩት ሥራ አለ። ለዓመታት የገበሬውን ምርት በገበሬው ማሳ ላይ መዘኑ። ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካልተጨመረበት እጅግ በልጦ፣ ብዙውን ጊዜ ኬሚካል ማዳበሪያ ካገኘውም ሳያንስ ተገኘ። ዛሬ መልሶ ማልማት ግብርና እየተባለ በአዲስ ስም የሚመጣው ሐሳብ ለእኛ ሀገር እንግዳ አይደለም።

አሁን ከባዱን ነገር ላንሳ። ኩበት።

የእኛ አገር እንጨት የለውም። ከባሕር ዛፍ በቀር የሚነድ ነገር ያለው እበት ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱ የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው። ባለሙያ ሁሉ «ኩበት አታንድዱ፣ አትሽጡ» ይለናል። እህቶቼ፣ ይህን የሚለን ሰው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። በሬው የባል ነው፣ ገብሱ የባል ነው፣ የኩበቱ ክምር ግን የእኛ ነው። በአህያ ጭነን ደብረ ብርሃን ወስደን ስንሸጠው ብሩ መቀነታችን ላይ ይታሰራል። የልጅ ደብተር፣ የጨው፣ የእድር፣ የዚህ ማኅበር የሳምንት መዋጮ እንኳ ከእሱ ነው። ያንን እበት ወደ ማሳው ውሰዱ ማለት የሴቲቱን ቦርሳ ወደ ባልየው ጎተራ ገልብጡ ማለት ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ያሉትን እህቶች ሰነፍ ወይም ያልገባቸው አድርጋችሁ አትዩአቸው። ሒሳቡ ገብቷቸዋል።

እኔ ያደረግሁትን ብቻ እነግራችኋለሁ። ከበጋው እበት ግማሹን አሁንም እጠፈጥፋለሁ። የክረምቱ ግን ቢፈልጉትም አይደርቅም፤ እሱ ከነጉዝጓዙ ሁሉ ወደ ክምሩ ይገባል። ምርጥ ምድጃ ካስገባሁ ወዲህ እንጀራ ለመጋገር የሚያስፈልገኝ ኩበት ብዙ ቀንሷል፤ የቀነሰው ወደ ኮምፖስት ሄደ። ከዚያ ባለቤቴን ቁጭ አድርጌ፣ ኮምፖስት ከገባበት ጥግ የሚገኘው ገብስ በእኔ እጅ ይሸጥ አልኩት። ሁለት ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ እሺ አለ። ባዮጋስ ያስገቡ እህቶችም አሉ፤ ጋዙ ይነዳል፣ ዝቃጩ ለማሳ ይሆናል። ግን ሦስት አራት ከብት ይጠይቃል፣ በእኛ ብርድም ጋዙ ይቀንሳል፤ ለሁሉም የሚሆን አይደለም።

ሌላው የግጦሹ ጉዳይ ነው። ከኛ ሰፈር በላይ ያለው ተዳፋት ከብት ሲራገጥበት ኖሮ ድንጋዩ ወጥቶ ነበር። ከብት እንዳይገባ ከተከለለ ወዲህ ሣሩ ተመልሷል፣ ምንጩም ጨምሯል፤ በዓይኔ አይቻለሁና አልከራከርም። መከለልም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። መንዝ ውስጥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ጓሳ አባቶች በራሳቸው ሕግ ለዘመናት ጠብቀውታል። ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ በጋራ ይከፍቱታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም ሕዝቡ እንደገና አቋቁሞታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ እዚያ ይኖራሉ። ልብ በሉ፣ ጓሳ ለዘላለም የተዘጋ አልነበረም። ለከፋ ዓመት ለከብቱም ለሰውም የተቀመጠ ነበር።

የእኛ ተዳፋት ሲከለል ግን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር፦ ሣሩን አጭዶ የሚሸከመው፣ ውሃውን የሚቀዳው ማን ነው? ከብቱን ወደ ወንዝ ይነዳ የነበረው ልጅ እፎይ አለ፤ ወንዙ ግን በጄሪካን ወደ ከብቱ መጣ፣ በእኔና በልጄ ጀርባ። ልጄ በቡሬ ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። በሳምንት ሁለት ቀን ትቀር ነበር። ለላሟ ደኅንነት ብዬ የልጄን የወሰድኩ ያህል ይሰማኛል፤ ዛሬ ወረቀቱን አንብባ የምትስቅብኝ በመሆኗ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አሁን በጓሮዬ አጃና ቬች ቀላቅዬ እዘራለሁ፣ አጥሩ ዙሪያ ትሪ ሉሰርን ተክያለሁ። መኖው ከደጄ ነው የሚታጨደው። ቬቹም ሆነ ትሪ ሉሰርኑ ለአፈሩ ናይትሮጅን የሚያስገቡ ናቸው። የጣሪያ ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል አለን። ከመኸር በኋላ ደግሞ ጊደሯን በቀን ጥቂት ሰዓት ፈትቼ የራሴ ገለባ ማሳ ላይ አሰማራታለሁ። እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ትጥላለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች። ሁልጊዜ ታስራ የምትውል ላም አትመቸኝም፤ ባለሙያዎቹ በዚህ ላይ ባይስማሙኝም ሐሳቤ ይኸው ነው። በጎቹን ግን ረግረጉ ላይ አላሰማራም፤ የጉበት ትል የሚይዛቸው እዚያ ካለው ቀንድ አውጣ ነው። ከገበያ በዘፈቀደ ገዝቶ ትል መድኃኒት ከማጠጣት ረግረጉን መተው ይረክሳል፤ አይቨርሜክቲንን የመሰሉት መድኃኒቶች እበቱ ውስጥ ቀርተው እበት የሚቀብሩልንን ጥንዚዛዎች ይጎዳሉ።

ስለ አህያ ሳልናገር ብወርድ ግፍ ይሆንብኛል። ኩበቱን፣ ውሃውን፣ ኮምፖስቱን የምትሸከምልን እሷ ናት። እሷ ባትኖር የምንሸከመው እኛ ነን። ከጭነቱ በታች የሚነጠፈው ነገር ስስ ሲሆን ጀርባዋ ይላጣል፣ ዝንብ ይወርረዋል፣ በላዩ እንደገና እንጭናለን። ወፍራም የጆንያ ፍራሽ በጭድ ሞልቶ መስፋት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ገመዱም በጅራቷ ሥር ሲያልፍ ጨርቅ ይጠቅለልበት። በእኛ ቡድን ሁላችንም ሰፍተናል። ቁስል ያላት አህያ ይዛ ገበያ የምትወጣ አባል አምስት ብር ትቀጣለች፤ እስካሁን የተቀጣሁት እኔ ነኝ።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ደጋፊዎቻችን በሚመጣው ዓመት ለአርባ አባላት የተዳቀሉ ጊደሮች እንደሚሰጡ ሰምተናል። እናመሰግናለን። ልመናዬ ግን ይህ ነው፦ ከጊደሩ ገንዘብ ተቀንሶ በመጀመሪያ ለበረት ወለል፣ ለውሃ ማጠራቀሚያና ለመኖ ዘር ይሁን። አርባ ጊደር ማለት ሃያ ጊደር ከሃያ በረት ጋር ቢሆን ይሻለኛል። ሪፖርታችሁ ላይ ቁጥሩ እንደሚያንስ አውቃለሁ። የቡሬ ቁጥር ግን በአንድ ወቅት በሆነ ሰው ሪፖርት ላይ «አንድ ላም ተሰጠ» ተብሎ ገብቷል፤ ለመስቀል መታረዷ አልገባም።

ለብድር ኮሚቴያችንም፦ በረቷን፣ የመኖ መሬቷን እና ውሃውን ማን እንደሚቀዳ ሳታዩ ለማንም አባል የላም ብድር አትፍቀዱ። «ማን ይቀዳል» የሚለው ጥያቄ ሲጠየቅ ባልየውም እዚያው ይኑር፤ መልሱ «ልጅቷ» ከሆነ ብድሩ ይቆይ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ስንሰጥ ይህ ሐሳብ በአጀንዳው ላይ እንዲገባ ሰብሳቢዋን ጠይቄያለሁ፤ ይሁንታዋን ሰጥታኛለች።

በረቱን ማየት የምትፈልጉ እህቶችና እንግዶች ነገ ኑ፤ ከዋናው መንገድ ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፣ ማንንም ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ብቻ ከጧቱ ሁለት ሰዓት በፊት አትምጡ፤ ያን ጊዜ እያለብኩ ነው፣ ጊደሯም እንግዳ አትወድም።